አልፈታ ያለ የጎማ ዳዶ፦ ችግሩና መፍትሄው

የፍሬን ሸራ በቤት ግቢ ውስጥ መቀየር ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጎማውን ማውለቅ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጎሚስታ ነው። በአየር የሚሠራው መፍቻ ያለውን ኃይል ሁሉ እስኪጨርስ ይጫኑታል፤ በኋላ ዳዶውን በእጁ የሚፈታ ሰው መኖሩን የሚያስብ የለም።

ዳዶውን ስትፈቱ ጎማው አብሮ ከዞረ

መኪናው ቀድሞ ስለተነሣ ነው። አውርዱት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር ያህል አላሉ፤ ክሪክ ከዚያ በኋላ ነው።

ጎማው ቆሞ ዳዶው ካልተላወሰ

ወይ ከልክ በላይ ተጠብቋል፣ ወይ ዝጓል። በቅርቡ ጎሚስታ ዘንድ ተፈትቶ ከነበረና ሁሉም ዳዶዎች እኩል ከከበዱ የመጀመሪያው ነው። ለዓመታት ካልተነካና ጥርሱ ዙሪያ ቡናማ ዱቄት ካለ ዝገት ነው።

ኮሮላንና ቪትዝን ጨምሮ ለብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች የታዘዘው ልክ 103 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ35 ሴንቲሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆም 275 ኒውተን ሜትር ያህል ያሳርፋል። ይህን የተቋቋመ ዳዶ እንዴት እንደታሰረ መገመት አያዳግትም። ቢሆንም መፍቻው ላይ አትዝለሉ፤ ቢያመልጥ የሚጎዳው ጉልበታችሁ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ወፍራም የብረት ቱቦ እጀታው ላይ አጥልቁ፤ 30 ኪሎ ብቻ ብትጫኑ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ቡሶላው (ዳዶውን የሚይዘው የመፍቻው ራስ) እንዳይጋደል በአንድ እጅ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ከልክ በላይ የተጠበቀ ዳዶ ቀጭ ብሎ በአንድ ጊዜ ይለቃል። (አንዳንድ የቆዩ የጭነት መኪኖች በግራ ጎን በተቃራኒው ይፈታሉ፤ የቤት መኪና ግን በሁለቱም ጎን ወደ ግራ ነው።)

ዝገት ከሆነ ዝገት አላቂ ዘይት ጥርሱ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት። ዘይቱ ዲስክ ወይም ሸራ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። በማግስቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርጉ፣ ከዚያ ፍቱ። በእሳት ማሞቅ ግን አይታሰብ፤ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል።

ቡሶላው ከተንሸራተተ

ባለ 12 ማዕዘን ቡሶላ የዳዶውን ጠርዝ ይበላል። ባለ 6 ማዕዘን ተጠቀሙ፤ ለአብዛኞቹ ቶዮታዎች ቁጥር 21 ነው።

ቡሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ከዞረ ወይም ከተቆረጠ

አቁሙ። ቡሎኑ (ዳዶው የሚታሰርበት ዘንግ) ከተተከለበት ለቋል ወይም ተሰብሯል፤ ተመትቶ ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት። በቀሩት ዳዶዎች መንዳት አያዋጣም።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ

ሸራውን ከመውቀሳችሁ በፊት ዳዶዎቹን ጠርጥሩ። እኩል ያልተጠበቁ ዳዶዎች ዲስኩን ሊያጣምሙት ይችላሉ።

መልሳችሁ ስታስሩ ቸርኬው የሚያርፍበትን ገጽ ከዝገት በብሩሽ አጽዱ። ጥርሱን ዘይት አትቀቡ፤ በዘይት ላይ የተለመደው ኃይል ቡሎኑን ከልክ በላይ ይወጥረዋል። ዳዶዎቹን በጣት ጀምሩ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገራችሁ አጥብቁ፣ የመጨረሻውን ማጥበቅ ጎማው መሬት ሲነካ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ ጨርሱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ፈትሹ። ጎሚስታ ስትሄዱም መጨረሻውን በእጅ እንዲያጠብቁ ጠይቁ፤ ካልሰሙ ቤት ስትደርሱ አንድ በአንድ አላልታችሁ በልኩ መልሱ።