የፊት ቀለምን በቁጥር ማረም

በዛፍ ጥላ ሥር፣ ለምለም ሣር ላይ ፎቶ የተነሣች ሙሽራ ፊቷ ወደ አረንጓዴ ያደላል። የፎቶው አራሚ መጀመሪያ ልዩነቱን ቢያየውም፣ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ ዓይኑ ይለምደውና ትክክል ይመስለዋል። ቁጥር ግን አይለምድም፤ ስለዚህ ከዓይን በፊት እርሱን መጠየቅ ይገባል።

በፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም በፎቶሾፕ የቀለም ቁጥሮችን የሚያሳየውን የኢንፎ ሰሌዳ አውጥተው አንዱን ንባብ በአርጂቢ (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን)፣ ሌላውን በኤል-ኤ-ቢ ያድርጉ፤ በዚህኛው ኤል ድምቀትን፣ ኤ ከአረንጓዴ (ከዜሮ በታች) እስከ ቀይ (ከዜሮ በላይ)፣ ቢ ከሰማያዊ እስከ ቢጫ ያለውን ይለካል። የአይድሮፐሩን (የቀለም መለኪያ መሣሪያውን) የናሙና መጠንም 5 በ5 ፒክስል አማካይ ላይ ያኑሩት፤ አንድ ፒክስል (የምስሉን ትንሿን ነጥብ) ብቻ መለካት ያሳስታል። ከዚያ ግንባር ወይም ጉንጭ ላይ ይለኩ፤ ብርሃን ያንጸባረቀበትን ቦታ፣ ከንፈርን፣ የጆሮን ጫፍና ሜካፕ የበዛበትን ግን ይተዉ።

በተለመደ ብርሃን የማንም ሰው ቆዳ ሲለካ ቀዩ ይበልጣል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሰማያዊው ያንሳል። በኤል-ኤ-ቢ ደግሞ ኤ እና ቢ ሁለቱም ከዜሮ በላይ ይሆናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ቢ ከኤ አያንስም። ለምሳሌ በአርጂቢ ቀዩ 150፣ አረንጓዴው 105፣ ሰማያዊው 80 የሚነበብ ጠይም ፊት ኤሉ 48፣ ኤው 15፣ ቢው 21 ገደማ ነው። ይህ ግን ሁሉም ፊት ሊደርስበት የሚገባ ግብ አይደለም። በሲኤምዋይኬ (በኅትመት ቀለሞች መለኪያ) ሲያን፣ ማለትም አረንጓዴ የቀላቀለው ሰማያዊ፣ ከማጀንታ፣ ማለትም ከሐምራዊ ቀይ፣ ሲሶ እስከ አንድ አምስተኛ ይሁን የሚለው የተለመደ ደንብም ለነጣ ቆዳ የተበጀ ነው፤ በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ሲያን ከዚያ ይበልጣል፣ ደንቡን በግድ መጫንም የሰውየውን መልክ ያጠፋል።

በፎቶው ውስጥ ነጠላ የለበሰ ሰው ካለ የልብሱን ነጭ ክፍል ይለኩ፤ ሦስቱ የአርጂቢ ቁጥሮች ተቀራራቢ ካልሆኑ ብርሃኑ ቀለም አለው ማለት ነው። ሆኖም ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ነጭን የሚያደምቅ ንጥረ ነገር ስላላቸው፣ ልብሱ በቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል፤ ያን ሰማያዊ ሙሉ በሙሉ ካጠፉት ፊቱ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ነጠላውን እንደ ምስክር እንጂ እንደ ዳኛ አይውሰዱት።

የሙሽራዋ ግንባር በአርጂቢ 128፣ 118፣ 84 ተነበበ እንበል። ቀዩና አረንጓዴው በ10 ብቻ ይለያያሉ፤ የኤ ቁጥርም ከዜሮ በታች ወርዷል፣ ይህም አረንጓዴ መግባቱን ያረጋግጣል። የከርቭስ ሌየር (ቀለምን በመስመር የሚያስተካክል ተደራቢ ንብርብር) ጨምረው በአረንጓዴው ቻናል መስመር መሐል ላይ ነጥብ ተክለው 118 ወደ 98 እስኪወርድ ድረስ ዝቅ ያድርጉ፤ ኤ ወደ 10 ገደማ ይወጣል። ነገር ግን ከብርሃን መጠን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አረንጓዴው ስለሆነ ኤል ከ50 ወደ 44 ይወርዳል፣ ፊቱም ይጠቁራል። ብዙዎች እዚህ ላይ ፊቱን ለማብራት ይቸኩሉና ከሰውየው ከራሱ የነጣ አድርገውት ያርፋሉ፤ ይህን ስሕተት አጥብቄ እቃወማለሁ። የሌየሩን ብሌንዲንግ ሞድ (ከሥሩ ካለው ምስል ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ) «ከለር» ላይ ካደረጉት ግን ቀለሙ ብቻ ይለወጣል፣ የፊቱ ድምቀት እንደነበረ ይቆያል።

በመጨረሻ አጠገቧ የቆመውን ሙሽራ ይለኩ። የእርሱ ቁጥር ከእርሷ ጋር እኩል መሆን የለበትም፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቅደም ተከተል ግን መጠበቅ አለበት። ከሣሩ የተንጸባረቀው አረንጓዴ አገጭ ሥር ከቀረ፣ ለዚያ ስፍራ ብቻ በማስክ (ሌላውን ክፍል በሚከልል መሸፈኛ) የተወሰነ ሁለተኛ ከርቭስ ይጨምሩ።