በኦና ጠፈር ድምፅ ይሰማል? መልሱን እያወቅን የምንሠራቸው ስህተቶች

«በጠፈር ውስጥ ድምፅ ይሰማል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ «አይሰማም» ይላል፤ ለሰው ጆሮ እስከሆነ ድረስም መልሱ ልክ ነው። ስህተቱ የሚመጣው «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሲከተል ነው። መልሱን በቃሉ ብቻ የያዘ ሰው ጠፈርተኞች ሲነጋገሩ ሲሰማ ወይም «የጥቁር ጉድጓድ ድምፅ» የተባለ ቅጂ ሲያደምጥ ግራ ይጋባል፤ ወይ የያዘውን ይጥላል፣ ወይ የሰማውን «ሐሰት ነው» ይላል። ድምፁ ከምንጩ ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ በየደረጃው ምን ምንን እየነካ እንዳለፈ ለሚከታተል ሰው ግን ይህ ሁሉ ግራ መጋባት አይገጥመውም።

የመጀመሪያው ስህተት ድምፅን እንደ ብርሃን ከምንጩ ወጥቶ ራሱን ችሎ የሚጓዝ ነገር አድርጎ ማሰብ ነው። ደወል ሲመታ ገላው ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ውጭ ሲገፋ አጠገቡ ያለውን አየር ያጨናንቃል፣ ወደ ውስጥ ሲመለስ ያሳሳዋል። የተጨናነቁት ሞለኪውሎች ጎረቤቶቻቸውን ይገፋሉ፣ እነዚያም ቀጣዮቹን ይገፋሉ፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ባለበት አካባቢ ሲወዛወዝ ግፊያው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይሄዳል። ግፊያው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል፣ በውኃ ውስጥ 1,480 ሜትር ገደማ፣ በብረት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጓዛል። ተቀባይ ጎረቤት ከሌለ ግፊያው የሚተላለፍለት ነገር የለም። ብርሃን በአንጻሩ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክ ሞገድ ስለሆነ ተሸካሚ አይፈልግም። ለዚህም ነው የፀሐይ ብርሃን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ እኛ ዘንድ ሲደርስ ድምፅዋ ፈጽሞ የማይደርሰው። ድምፅ ስለሌላት አይደለም፤ የፀሐይ ገጽ በ5 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ እንደሚል ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይታወቃል፣ የዚህም መነሻ በውስጧ ባለው ጋዝ የሚመላለስ የድምፅ ሞገድ ነው። ሞገዱ ጋዙ እስካለበት ይደርስና እዚያው ይመለሳል።

«ታዲያ ጠፈርተኞች እንዴት ይነጋገራሉ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛውን ስህተት ያጋልጣል፤ እርሱም የራዲዮ ሞገድን ድምፅ ነው ብሎ መውሰድ ነው። በጠፈር ልብሱ ውስጥ ጋዝ አለ፤ የተናጋሪው ድምፅ በዚያ ጋዝ በኩል ማይክሮፎኑን ይነካል፣ ማይክሮፎኑ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ባዶውን ቦታ የሚያቋርጠው ራዲዮ ነው። በሌላው ጠፈርተኛ ልብስ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ያንኑ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ራዲዮው ቢበላሽና ሁለቱ የራስ ቁራቸውን ቢያነካኩ ንዝረቱ በቁሮቹ በኩል ስለሚያልፍ መሰማማት ይችላሉ።

ሦስተኛው ስህተት ከታዋቂው የደወል ሙከራ ጋር የተያያዘ ነው፤ እኔም ሰፋ አድርጌ ላየው የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን በደንብ የተከታተሉት ሰዎች ናቸው። የሳይንስ ሊቁ ሮበርት ቦይል በ1660 ባሳተመው ሥራ እንደገለጸው፣ ድምፅ የሚሰጥ ነገር በመስታወት ዕቃ ውስጥ ተንጠልጥሎ አየሩ በፓምፕ ሲወጣ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። ሙከራው ዛሬም በየትምህርት ክፍሉ ይታያል፤ የደወሉ መምቻ ሲመላለስ በዓይን ይታያል፣ የሚሰማው ግን በማንጠልጠያው በኩል ሾልኮ የሚወጣ ደካማ ንዝረት ብቻ ነው። ከዚህም «ዕቃው ውስጥ ድምፅ መጓዝ አቁሟል» የሚል መደምደሚያ ይሰጣል።

መደምደሚያው ግን ከሙከራው አቅም በላይ ነው። ፓምፑ ከ100 እጅ 99ኙን አየር ቢያወጣ እንኳ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ200 ሺህ ትሪሊዮን በላይ ሞለኪውሎች ይቀራሉ፤ በዚህ በሳሳ አየር ውስጥም ድምፅ ይጓዛል፣ ፍጥነቱም ብዙ አይቀንስም፤ የድምፅ ፍጥነት በጋዝ ውስጥ በዋነኛነት የሚወሰነው በሙቀቱና በጋዙ ዓይነት ስለሆነ ነው። የሚደክመው ቅብብሉ ነው፦ እጅግ የሳሳ ጋዝ ከከባዱ ደወል ንዝረቱን በሚገባ አይቀበልም፣ የተቀበለውንም ለከባዱ መስታወት በሚገባ አያስረክብም። ለዚህ ማርስ ጥሩ ምስክር ናት። የማርስ ከባቢ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ይሁንና በየካቲት 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚያ ያረፈችው ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሰቪራንስ የነፋሱን ሹክሹክታ፣ የራሷን ጎማዎች መንገጫገጭና ድንጋይ በሌዘር ስትመታ የሚወጣውን ጠቅታ ቀድታለች። ከነዚህ ቅጂዎች እንደተለካው ድምፅ በዚያ በሰከንድ 240 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከ240 ሄርዝ (በሰከንድ 240 ውዝዋዜ) በላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ቀድመው ይደርሳሉ። ስለዚህ ሙከራውን የሚያሳይ ሰው «አየር በሳሳ ቁጥር ድምፅ ይደክማል» ቢል ትክክል ነው፤ «ይኸው፣ ጠፈር እንዲህ ነው» ካለ ግን ዘሏል።

ከዚህ ጋር የሚጎራበተው ስህተት ጠፈር ጨርሶ ምንም የሌለበት ነው ማለት ነው። ምድር በምትዞርበት አካባቢ እንኳ ከፀሐይ የሚነፍሱ ጥቂት ቅንጣቶች በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ይገኛሉ። ጉዳዩ መኖራቸው ብቻ ሳይሆን ሳይጋጩ የሚጓዙት ርቀት ነው። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ አንድ ሞለኪውል ከሌላው ሳይጋጭ የሚሄደው የአንድ ሚሊ ሜትርን 10 ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ በፕላኔቶች መካከል ግን ርቀቱ በሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ሰው የሚሰማው እጅግ ወፍራሙ ድምፅ፣ 20 ሄርዝ፣ በአየር ውስጥ 17 ሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት አለው፤ ቅንጣቶቹ ሳይነካኩ በሚተላለፉበት ስፍራ እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ ሊፈጠር አይችልም።

ሞገዱ እጅግ ረጅም ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከእኛ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው የፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ፣ ከመካከለኛው ጥቁር ጉድጓድ አካባቢ ተነሥቶ በትኩሱ ጋዝ ውስጥ የሚሰራጭ የግፊት ሞገድ እንዳለ በ2003 በቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ምስሎች ተረጋግጧል። አንዱ ውዝዋዜ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በሙዚቃ አነጋገር ከፒያኖው መካከለኛ ዶ 57 ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። በ2022 ናሳ ያሰማው ይህንኑ ሞገድ 57 እና 58 ኦክታቭ ከፍ አድርጎ፣ ማለትም ድግግሞሹን 57 ጊዜና 58 ጊዜ በእጥፍ በእጥፍ አሳድጎ ነው። ስለዚህ «ማይክሮፎን ቀዳው» ማለትም ሆነ «ፈጠራ ነው» ማለት እኩል ስህተት ነው። በቮየጀር 1 መንኮራኩር የተላኩት «የጠፈር ድምፆች» ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ እነርሱ በአንቴና የተለካ የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ጋዝ) የኤሌክትሪክ ንዝረት ናቸው፣ ድግግሞሹ ጆሯችን ከሚሰማው ክልል ውስጥ ስለወደቀ ብቻ በድምፅ ማጉያ ሊደመጡ ቻሉ። በመስከረም 2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመዘገበው የስበት ሞገድም፣ ማለትም የሕዋው የራሱ መለጠጥና መሸብሸብ፣ ድምፅ አይደለም፤ ሊደመጥ የቻለው ድግግሞሹ እንደዚሁ ከጆሯችን ክልል ውስጥ ስለወደቀ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የጠጣር አካልን ንዝረት መዘንጋት ነው። በኅዳር 1969 የአፖሎ 12 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ለመነሣት የተጠቀሙበት የመንኮራኩር ክፍል ሆን ተብሎ ጨረቃ ላይ እንዲከሰከስ ሲደረግ፣ እዚያ የተተከለው የነውጥ መመዝገቢያ ለአንድ ሰዓት ያህል ንዝረት መዝግቧል፤ ከዐለቱ በላይ ቆሞ የነበረ ሰው ቢኖር ግን በእግሩ እንጂ በጆሮው የሚያገኘው ነገር አልነበረም። በ2003 ብቻውን ወደ ጠፈር የወጣው ቻይናዊው ያንግ ሊዌይም በመንኮራኩሩ ውስጥ ሳለ የብረት ባልዲ በእንጨት መዶሻ እንደሚመታ ያለ ኳኳታ ይሰማ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ ቢመለከት ምንም አላየም። ኋላ እንደተብራራው፣ የሚያንኳኳው በግፊት ለውጥ ጥቂት እየተለጠጠና እየተሸበሸበ የነበረው የመንኮራኩሩ የራሱ ግድግዳ ነበር፤ ድምፁም ጆሮው የደረሰው በውስጥ በነበረው አየር ነው።