ፍቅረኛ የአእምሮ ሕመም ሲይዘው ምን ይደረጋል?

የሚዋደዱ ሰዎች መሐል የአእምሮ ሕመም ሲገባ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍቅሩ ነው። ስልክ አያነሳም፤ «ሌላ ይዞ ነው።» ሳቋ ጠፋ፤ «ሰልችቻት ነው።» በር ዘግቶ ይተኛል፤ «ጠልቶኛል።» ወራት የሚባክኑት እዚህ ላይ ነው። ጥንዶቹ ትወደኛለህ አትወደኝም ሲባባሉ ሕመሙ ሥር ይሰዳል።

ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ታማሚውን «እሱ»፣ አጠገቡ ያለችውን «አንቺ» ብያለሁ። የታመመችው እሷ ከሆነች ገልብጠህ አንብበው።

ደረጃ 1፦ የተለወጠውን መዝግቢ

የሕመሙን ስም ለማውጣት አትቸኩዪ፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ ማስተዋል ነው። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ክፈቺና ቀን እየጻፍሽ ያየሽውን አስፍሪ። «ደብሮታል» ብሎ መጻፍ ለሐኪም ብዙም አይነግረውም። እንዲህ ይሁን፦

«ማክሰኞ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ሲያራግፍ ነበር። እስኪነጋ አልተኛም።»

«ሐሙስ። ሥራ አልሄደም። ሽሮውን ሁለቴ ጎርሶ ተወው።»

«እሑድ። የጓደኛው ሠርግ ላይ አልተገኘም። ሚዜ ነበር።»

እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ንጽሕናውን፣ ሥራውን፣ ገንዘብ አያያዙንና ንግግሩን ተከታተዪ። ማንም ሰው ይከፋዋል፤ ሁለት ቀን መኮራረፍ ሕመም አይደለም። ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ማስጠላት በየቀኑ ማለት ይቻላል እየመጣ ሁለት ሳምንት ከዘለቀና ኑሮውን ካወከ ግን መታየት አለበት።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ግን በሌላኛው መልክ ነው። ሕመሙ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ አይመጣም። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ስሜትን ከፍ አድርጎ የሚሰቅልበት ጊዜ አለው። ሐኪሞች ማኒያ ይሉታል። መጀመሪያ ላይ እብድ ያለ ፍቅር ይመስላል። የአንዲት ወዳጄ ፍቅረኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየደወለ ግጥም ያነብላት ነበር። ላፕቶፑን ሸጦ ቀለበት ገዛላት። ሠርጉ በሚቀጥለው እሑድ ይሁን አለ። እሷ በደስታ አለቀሰች። ማን አያለቅስም? አመመው ብላ እንዴት ታስብ?

ልዩነቱን ቀድሞ የሚነግርሽ እንቅልፉ ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም የማይሰማው፣ ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘል፣ ገንዘብ የሚበትን፣ «ቆይ እንጂ» ስትዪው የሚገነፍል ከሆነ ነገሩ ደስታ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድብርት ደግሞ ያንኑ ሰው አልጋ ላይ ይጥለዋል። ያቺ ወዳጄ «ያኔ የዋሸኝ ነው ወይስ አሁን?» ትል ነበር። ያኔም አልዋሸም፣ አሁንም አልዋሸም። ታሞ ነው።

ሦስተኛው መልክ ጥርጣሬ ነው። ጎረቤት በግድግዳ በኩል ይሰድበኛል ይላል። ስልክሽ ውስጥ መቅጃ አለ ይላል። ስሙን እንኳ የማታውቂውን ሰው ውሽማሽ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ቀናተኛ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም ሆኖ አንቺን ብቻ የሚቆጣጠር፣ ስልክሽን የሚበረብር፣ ከዘመድ ከጓደኛ የሚለይሽ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ለእሱ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ መፍትሔ አይሆንም።

ሁለት ነገር በአጭሩ። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስ የአእምሮ ሕመም ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራው ላይ ይነሳ። ሁለተኛው ለባሎች ነው። አራስ ሚስትህ በወለደች ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ አጥታ የማይያያዝ ነገር መናገር ከጀመረች «ብርድ መቷት ነው» ብለህ አትጠብቅ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዳት።

ደረጃ 2፦ ነገሩን አንሺው፣ በጠብ መሐል ግን አይሁን

ጥሩው ሰዓት ማታ ሰፈር ውስጥ ወክ ስታደርጉ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ማውራት ይቀላል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እናውራ» ማለት ፍርድ ቤት ያስመስለዋል። ያየሽውን ንገሪው፤ ፍርድሽን ተዪው።

«ሰሞኑን ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለህ አያለሁ። ጨንቆኛል። ምን ይሰማሃል?»

ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም በወሬ አትሙዪው።

«ምን ጎደለህ?»፣ «ወንድ አይደለህም እንዴ?»፣ «ሰው ስንቱን ችሎ ይኖራል!» የሚባሉት እንደማይጠቅሙ ታውቂያለሽ። በፍቅር ስም የሚመጣውን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ «ከእኔ ጋር ሆነህ እንዴት ይከፋሃል?» ይህን የሰማ ሰው ሕመሙ ላይ የአንቺንም ሐዘን ይሸከማል። ከዚያ ወዲያ የደህና ሰው ፊት እያሳየሽ ይደብቅሻል።

ብዙ ሰው «ጭንቀት ያዘኝ» ከማለት «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ማለት ይቀለዋል። አትከራከሪው። «እሺ፣ ለእንቅልፉና ለራስ ምታቱ እንታይ» በይው። ሐኪሙ የቀረውን ይደርስበታል።

የሌለ ድምፅ ከሰማ ወይም የሌለ ሴራ ካየ «ውሸት ነው» ብለሽ አትሟገቺው፤ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» ብለሽም አታባብይው። «ሲሰድቡህ መስማት ያስፈራል። እኔ ግን አልሰማሁም። አብሬህ አለሁ» በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ ስለ ሞት በግልጽ ጠይቂ

ይህን ደረጃ ሁሉም መዝለል ይፈልጋል። «ብጠይቀው ባላሰበው ነገር አሳስበዋለሁ» የሚል ፍርሃት አለ። እንደዚያ አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ብዙ ጊዜ እፎይ ያሰኛል። ዙሪያውን አትዙሪ፦

«መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?»

«አዎ» ካለ አትጩኺ፤ ኃጢአት ነው ብለሽም አትስበኪ። እንዴትና መቼ ብሎ እንዳሰበ ጠይቂ። ዝግጅት ካለ ብቻውን አይቀመጥ። መድኃኒት፣ የተባይ መርዝ፣ የጦር መሣሪያ ከቤት ይውጣ። በዚያው ሰዓት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ቢያስምልሽም ይህ ምሥጢር አይጠበቅም።

ደረጃ 4፦ ሕክምና ማስጀመር

አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠራው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው። ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለቆየ ስሙ ራሱ መሰዳደቢያ ሆኗል። «አማኑኤል እንሂድ» ስትዪው «እብድ ነህ» እንዳልሽው ቢሰማ አትፍረጂበት። ሌላም አለ። ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና የካ ኮተቤ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያም ለመጀመሪያ እርምጃ ይሆናል። ከሰፈር ሰው ዓይን ለመራቅ ሌላ ክፍለ ከተማ መሄድ ነውር የለውም።

ማስታወሻሽንና የሚወስደውን ማንኛውም መድኃኒት ይዘሽ ሂጂ። ጫት የሚቅም፣ የሚጠጣ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማት ያለበትን ሰው ሊያብስበት ይችላል። አልኮል ድብርትን ያከብዳል።

ጸበል ልውሰደው የሚል ዘመድ ይመጣል። እዚህ ላይ ጦርነት አትክፈቺ፤ ትሸነፊያለሽ፤ እሱም ከሁለት ያጣ ይሆናል። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም የሚሉ አባቶች አሉና እነሱን ፈልጊ። ድርድር የሌለበት ነገር ሁለት ነው፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ሰውየው አይታሰር፣ አይደብደብ።

ደረጃ 5፦ የመድኃኒቱን ጊዜ እወቂ

የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት አይሠራም። ለውጥ ለማየት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መጥፎው ነገር ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ መምጣቱ ነው። አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይረበሻል፣ እንቅልፍ ይበዛል ወይም ይጠፋል። ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው።

ሰው የማያወራው ደግሞ ይኸው። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ ወይም እርካታውን ያዘገያሉ። የሌለ ድምፅ መስማትንና ጥርጣሬን ለማከም የሚሰጡ መድኃኒቶችም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ድብርቱ ራሱም ፍላጎት ያጠፋል። ቀድሞ እሳት የነበሩ ጥንዶች አልጋ ላይ ጀርባ ሲሰጣጡ አንዷ «አስጠላሁት»፣ አንዱ «ወንድነቴ አለቀ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። መጠን ወይም ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። እስከዚያ መታቀፍ፣ እጅ መያያዝ ይቀጥል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እቅፍ ወዴት ያመራል የሚል ፈተና አይሁንበት።

ሲሻለው መድኃኒቱን ራሱ እንዳያቆም። ለድብርት ብዙ ጊዜ ከተሻለ በኋላም ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ለባይፖላር ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ውሃ ሳይጠጡ መዋልም ሊቲየሙን ደም ውስጥ ሊያበዛው ስለሚችል ከጾም በፊት ሐኪሙን ያማክር። ታማሚዋ ሴት ሆና ቫልፕሮዌት የሚባለውን መድኃኒት የምትወስድና ልጅ የምታስቡ ከሆነ፣ ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

መድኃኒት ወጥ ውስጥ ደብቆ ማብላት የተለመደ ነው። አይሁን። ጥርጣሬ የሚያሠቃየው ሰው አንድ ቀን ከደረሰበት መድኃኒቱንም አንቺንም፣ የምታቀርቢለትን ምግብም አያምንም።

ደረጃ 6፦ ቤተሰቡን እንዴት እንደምትነግሪ

መጀመሪያ እሱን አስፈቅጂው፦ «ለማን ብንነግር ይሻልሃል?» ብዙ ጊዜ ከእናቱ ይልቅ ታላቅ እህቱ ትሻላለች። ያላገባሽው ከሆነ አቋምሽ ከባድ ነው። «እሷ ናት ያስነካችው»፣ «መስተፋቅር አዙራበት ነው» የሚል ወሬ ሊነሳ ይችላል። እልህ ውስጥ አትግቢ። ለእናቱ ማለት የሚያስፈልገው አጭር ነው፦ «እማማ፣ እንቅልፍ ከተኛ ወር ሆኖታል። ሐኪም ቤት ጀምረናል። ሰኞ ቀጠሮ አለው፤ አብረውን ቢመጡ ደስ ይለኛል።» ሐኪሙ ከሚያስረዳቸው በላይ አንቺ ልታስረጂያቸው አትችዪም።

ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት «አሞት ሕክምና ላይ ነው» ይበቃል።

ደረጃ 7፦ በደህናው ቀን ተስማሙ

ሲሻለው ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና በወረቀት ጻፉ። ሕመሙ ሲመለስ የሚታየው የመጀመሪያው ምልክት ምንድን ነው? ማን ይጠራ? የኤቲኤም ካርዱ ማን ጋ ይሁን? የትኛው ሆስፒታል? ምን ስትዪው ያናድደዋል? የጻፈው እሱ ስለሆነ በክፉው ቀን «አንተው ያልከውን ነው የማደርገው» ማለት ትችያለሽ።

ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ደግሞ ቀለበት ማሰር፣ መፋታት፣ ብድር፣ ከሥራ መልቀቅ የሚባል ውሳኔ አይኖርም። ለሌላ ጊዜ ይደር።

ፍቅሩን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው። በቀን ውስጥ ስለ ሕመሙ የማይወራበት ሰዓት ይኑር። «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ብቻ የምትዪው ከሆነ ነርሱ ሆነሻል። ኳስ እዩ፣ ስለ ሰው አሙ፣ የድሮውን ሙዚቃ ክፈቱ። ባይስቅም ግድ የለም።

ደረጃ 8፦ ወሰንሽን አስምሪ

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም። ከመታሽ ወይም እገልሻለሁ ካለ ግን «ታሞ ነው» ብለሽ አትቀመጪ። ውጪና ከሩቅ እርዳታ ጥሪ። ሕመሙ ምክንያቱን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ዱላውን አያስቆመውም።

አንቺም ሰው ነሽ። እንቅልፍሽ ከሄደ፣ ሥራሽ ከተበላሸ፣ ሁልጊዜ ስልክ ሲጠራ ልብሽ የሚመታ ከሆነ ለራስሽም ባለሙያ አማክሪ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ወንድሙ ወይም ጓደኛው ይተካሽ፤ አንቺ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ ጓደኛሽ ቤት ሄደሽ ተኚ።

መቀጠል ካልቻልሽም ክፉ ሴት አይደለሽም። ፍቅር መድኃኒት አይደለም፤ አንቺ በመቆየትሽ ብቻ አይድንም። ከቻልሽ በከፋበት ሳምንት አታድርጊው። ከመንገርሽ በፊት እህቱን ወይም ወንድሙን አዘጋጂ፤ የዚያን ማታ አብረውት ይደሩ። ንግግርሽ አጭርና ግልጽ ይሁን፤ «ምናልባት ስትድን» የሚል ተስፋ አትተዪበት። «ከሄድሽ ራሴን አጠፋለሁ» ካለ ማስፈራሪያ ነው ብለሽ አትለፊው። ያኔውኑ ለቤተሰቡ ደውዪ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ለዚያ ብለሽ ግን ወደ ግንኙነቱ መመለስ የለብሽም።