በከተማ ዳርቻ ስለ ጽንስ ማቋረጥ ውይይት ለሚመሩ

በቦሌ ለሚና በቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ዙሪያ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴት ሠራተኞች የቤት ኪራዩን ለመቋቋም ሲሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ሆነው ይጋራሉ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ስለ ጽንስ ማቋረጥ ውይይት የሚመራ ሰው፣ ነገሩ በራሷ ወይም በእህቷ ላይ የደረሰ ሴት ከፊቱ እንደተቀመጠች ቆጥሮ መጀመር አለበት። ስለዚህ ማንም የራሱን ታሪክ እንዲናገር አይጠይቁ፤ የጎረቤት ታሪክ መጥቀስንም ከመጀመሪያው ይከልክሉ፤ ስም ባይጠራም በአንድ ግቢ ውስጥ ማን እንደሆነች ይታወቃልና። ከተቻለ ሴቶቹ አስቀድመው ለብቻቸው ይወያዩ፤ ወንዶቹ በሁለተኛው ጊዜ ይቀላቀሉ።

ለቃላት ይጠንቀቁ። በአማርኛችን «አስወረዳት» ስንል ጽንሱ ያለ ፈቃዷ የወጣባትን ሴት ማለታችን ሲሆን፣ «አስወረደች» ስንል ግን ሆን ብላ ያደረገችውን ማለታችን ነው። ሁለቱም በተለምዶ «ውርጃ» ስለሚባሉ፣ ክርክሩ ሲግል ልጅ ፈልጋ ያጣች ሴት ሳይቀር የተወቀሰች ያህል ይሰማታል። ሆን ተብሎ ስለሚደረገው ሲነገር «ጽንስ ማቋረጥ» የሚለውን ይያዙ፤ ሌላው ሲሳሳት ግን እንደ አስተማሪ አያርሙት፤ እርስዎ ደጋግመው ሲጠቀሙበት ይለምደዋል።

ከሥነ ምግባሩ ክርክር በፊት ሕጉ ይነበብ። ይህን ቅደም ተከተል የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ አባት ሕጉ ነገሩን ፈጽሞ እንደሚከለክል ለረጅም ጊዜ ሲያስረዱ፣ አንቀጹን አላነበብኩም ነበርና ሁላችንም በሌለ ሕግ ላይ ስንከራከር አመሸን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በር የከፈተው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ ቢያቆየውም፣ በአንቀጽ 551 እርግዝናው ከአስገድዶ መድፈር ወይም ከዘመዳሞች ግንኙነት ሲመጣ፣ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር፣ እውቅና ባለው የሕክምና ተቋም ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ የተደረገ ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። አንቀጽ 552 ደግሞ ለአስገድዶ መድፈርና ለዘመዳሞች ግንኙነት የሴቲቱን ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ያደርገዋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብቧት፤ ከፖሊስ ወረቀት ካልመጣ አይሆንም የሚል እምነት ብዙዎችን ከጤና ጣቢያ ደጅ ያስቀራልና።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይከፈት። የሃይማኖት አባቶችን መጋበዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱን እንዲያስረዱ እንጂ በሰው ላይ እንዲፈርዱ አለመሆኑን አስቀድመው ይስማሙ። የኦርቶዶክስ ካህኑ ሕይወት ከጽንሰት እንደሚጀምር ያስተምራሉ፤ ኡስታዙ በ120 ቀን ነፍስ ስለ መነፋቱና ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ሊቃውንት ስለሚለያዩበት ነጥብ ሊያስረዱ ይችላሉ። የሴቲቱን መብት የሚያስቀድሙት ደግሞ፣ በሰውነቷ ላይ የሚደርሰውን ሁሉ የምትሸከመው እሷ ሆና ሳለ ውሳኔው ለምን ለሌላ ይሰጣል ብለው ይጠይቃሉ። ተናጋሪው የተቃራኒውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በራሱ ቃል መልሶ ሳይናገር መልስ እንዳይሰጥ ያድርጉ። ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ጩኸትን የሚያበርድ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ግን አላገኘሁም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የድህነት ጥያቄ ነው። ሕጉ ድህነትን የፈቃድ ምክንያት አላደረገውም፤ በአንቀጽ 550 ግን እጅግ የከፋ ድህነት ቅጣትን እንዲያቀልል ያዛል። ይህ የሚያስገርም አቋም ነው፤ ሕግ አውጪው ችግሩን አይቶ በሩን ግማሽ የከፈተ ይመስላል። ተቃዋሚዎችን፣ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ብትወልድ አከራይዋ ያቆያት እንደሆነ፣ በማታ ፈረቃ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝላትና የልጁ አባት በምን እንደሚጠየቅ ይጠይቋቸው። ደጋፊዎችን ደግሞ፣ የጽንሱ ዕድሜ ሲገፋ መልሳቸው ይለወጥ እንደሆነና፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ ተሰብሳቢ ስለ ጽንስ ጉድለት የሚናገረውን አንቀጽ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስበው እንደሆነ ይጠይቋቸው። የጋራ ስምምነት ላይ ካልተደረሰ አያስገድዱ።

ውይይቱ ሲያልቅ ሲኒ የሚሰበሰብበትን ሰዓት ሳይቸኩሉ ይቆዩበት፤ ዋናው ጥያቄ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው። የምትጠይቅዎትን ሴት «ለምን?» አይበሏት። ተደፍራ ከሆነ፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ ክኒን ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር እንዳለባቸውና ሁለቱም በቶሎ በተወሰዱ ቁጥር እንደሚሻሉ ይንገሯት። ቀድማ በሌላ መንገድ ሞክራ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም በሰዓት ሁለት የንጽህና መጠበቂያ የሚያርስ ደም ካላት፣ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። አብረዋት እንዲሄዱ ከጠየቀችዎት ይሂዱ፤ ለአከራይዋ የት እንደሄዳችሁ አይናገሩ።