ያረጀ መኪና እንዴት ይሸኛል? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ

አሜሪካ በገቡ ሰሞን በአራትና በአምስት ሺህ ዶላር የተገዛ መኪና ውሎ አድሮ የሚሸኝበት ቀን ይመጣል። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስንት ያወጣልኝ ይሆን ብሎ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን ከሽያጩ በኋላ ነው። ስሙ ከመኪናው ላይ በትክክል ያልወረደ ሻጭ የገዢው የፓርኪንግ ቅጣትና የቶል ሂሳብ በፖስታ ይመጣለታል፤ ባስ ሲልም የአደጋ ክስ ይደርሰዋል። ስለዚህ ዋጋውንም ወረቀቱንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ይጠገን ወይስ ይሸኝ?

«የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ጣለው» የሚል ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ለአዲስ ገቢ ይህ ስሌት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ጥገናውን ማወዳደር የሚገባው ከአሮጌው መኪና ዋጋ ጋር ሳይሆን በእሱ ምትክ ከሚገዛው ጋር ነው። ክሬዲቱ ገና ያልጠነከረ ሰው 25,000 ዶላር በ14 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ቢበደር በየወሩ 515 ዶላር ገደማ ይከፍላል። አበዳሪው ደግሞ ፉል ከቨሬጅ (የራስን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍን) ኢንሹራንስ ግባ ይላል። 1,500 ዶላር የሚፈጅ ጥገና የሦስት ወር ክፍያ ብቻ ነው፤ መኪናው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ካገለገለ አዋጥቷል።

ዋናው ጥያቄ የተበላሸው ምንድነው የሚለው ነው። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራና ኦክስጅን ሴንሰር መኪናውን ቢያቆሙትም የሚያስጥሉ አይደሉም። የሚያስጥሉት ሌሎች ናቸው። ሻንሲው በክረምት ጨው ተበልቶ በጠመንጃ መፍቻ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ገንዘብ አያፍስሱበት። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር የሚንሸራተት ወይም ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ መቀየሩ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ቡና በወተት የሚመስል ዝቃጭ ካለ፣ የራዲያተሩ ውሃም ሳይታይ የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሳይሄድ አልቀረም። (በብርድ ወቅት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ሊይዝ ይችላል። የውሃው መጉደል አብሮ ከሌለ አይደንግጡ።)

ከመወሰንዎ በፊት የመኪናውን ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ቪን (መለያ) ቁጥር የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ሪኮል (አምራቹ ጉድለት አለበት ብሎ ለጥገና የጠራው) እንዳለበት ይዩ። የሪኮል ጥገና ዲለር ዘንድ በነጻ ይሠራል። በተለይ የታካታ ኤርባግ ያለባቸው መኪኖች ሳይሠሩ ለሌላ ሰው መተላለፍ የለባቸውም፤ ያ ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት እየበተነ ሰው ገድሏል።

ለማን ይሸጥ?

የሚሄድ፣ ኢንስፔክሽን ሊያልፍ የሚችል መኪና ከሆነ ጥሩ ዋጋ የሚገኘው ከግለሰብ ነው። ኬሊ ብሉ ቡክ በተባለው የመኪና ዋጋ መገመቻ ድረ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ያገኛሉ፤ አንዱ ለግለሰብ ሲሸጥ፣ ሌላው ለዲለር ሲሰጥ። የመኪናውን ሁኔታ ሲሞሉ «በጣም ጥሩ» የሚለውን አይምረጡ። አሮጌ መኪና አብዛኛውን ጊዜ «ደህና» ከሚለው አያልፍም፤ ራስን ማታለል ማስታወቂያውን ወር ሙሉ ያለ ገዢ ያስቀምጠዋል።

ከግለሰብ ጋር ከመደራደርዎ በፊት ግን ያገለገለ መኪና የሚገዛና የሚሸጥ ካርማክስ የሚባል ድርጅት ዘንድ ጎራ ይበሉ፤ ያስገምቱ። ከእነሱ መኪና መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ግምቱም በነጻ ነው። የሰጡት ዋጋ ለ7 ቀን ይጸናል። ያ ወረቀት ኪስዎ ውስጥ ካለ ከማንም ጋር ሲደራደሩ ዝቅተኛ ዋጋዎ እሱ ነው። ካርማክስ የሚከፍለው በባንክ ድራፍት (እንደ ቼክ ባለ የክፍያ ወረቀት) ስለሆነ ግን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስገባት ወይም ቼክ መመንዘሪያ ቤት መውሰድ አይቻልም፤ ባንክዎ ድረስ መሄድ ይኖርብዎታል።

አዲስ መኪና የሚሸጥልዎት ዲለር «አሮጌውን ስጠኝ፣ ታክስ ይቀንስልሃል» ካለ ዝም ብለው አይቀበሉት። በብዙ ስቴቶች እውነት ነው። በቨርጂኒያና በዲሲ ግን ታክሱ የሚሰላው የአሮጌው ዋጋ ሳይቀነስ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚገኝ ጥቅም የለም። ሁለቱን ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ፤ የአዲሱ ዋጋ ካለቀ በኋላ ብቻ ስለ አሮጌው ያንሱ።

ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ታርጋ ለማግኘት የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ወረቀት ማቅረብ አለበት። ወረቀቱ ለ90 ቀን ነው የሚጸናው። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ የጎማና የፍሬን ወጪን ከዋጋው ያስቀንሳል። ጥርሱ ከ2/32 ኢንች በታች የሆነ ጎማ አያልፍም፤ የተሰነጠቀ የፊት መስታወትና የላላ የመሪ መገጣጠሚያም እንዲሁ። ጥቃቅኑን ቀድሞ አሠርቶ ወረቀቱን ይዞ መሸጥ ብዙ ጊዜ ወጪውን ይመልሳል። ትልቅ ጥገና የሚጠይቅ ከሆነ ግን ሳይነኩት «ባለበት ሁኔታ» ብለው ይሽጡት።

የቼክ ኤንጂን መብራት ሽያጭ ሊደርስ ሲል ማጥፋት የተለመደ ብልጠት ነው። አይሠራም። መብራቱን ያበራው የብልሽት ኮድ ሲሰረዝ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ምርመራ ገና እንዳልጨረሰ ይመዘግባል፤ 20 ዶላር በምታወጣ መመርመሪያ ይህ ወዲያው ይታያል። የጭስ ምርመራ (ኤሚሽን) ጣቢያውም መልሶ ይሰድዎታል። የሚያውቁትን ችግር ጽፈው ማስረከቡ ይሻላል፤ በተለይ ገዢው የአገር ልጅ ከሆነ።

ታይትሉ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሻጭና ገዢ ሊብሬ ይዘው ውልና ማስረጃ ይቀርባሉ፣ ታርጋውም ከመኪናው ጋር ይሄዳል። እዚህ ሁለቱም የተለየ ነው። ዝውውሩ የሚጀመረው ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ጀርባ ላይ በሚሞላው ቅጽ ነው፤ ታርጋው ደግሞ ሻጩ ጋር ይቀራል። አዲስ ገቢዎች በብዛት የሚሰናከሉት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ታይትሉን ገዢው ፊት ለፊት ሳይኖር አይፈርሙ። የገዢውን ሙሉ ስምና አድራሻ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ እያዩ ይጻፉ፤ ዋጋውን፣ ቀኑንና የሄደበትን ማይል ያስገቡ፤ ከዚያ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና በፌዴራል ሕግ ለ20 ዓመት የማይሉ ቁጥር መመዝገብ አለበት። ከተሳሳቱ አይሰርዙ፣ በነጭ ቀለምም አያጥፉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ታይትል ስለማይቀበሉት እንደገና ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ታይትሉ ላይ የባልና የሚስት ስም «እና» በሚል ተያይዞ ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንዱ አዲስ አበባ ከሆነ ነገሩ ይንዛዛል።

«የገዢውን ስም ክፍት ተወው፣ እኔ እሞላዋለሁ» የሚልዎት ሰው ደላላ ነው። ታክስ ሳይከፍል ለሦስተኛ ሰው ሊሸጠው ነው፤ እስከዚያ ድረስ መኪናው በእርስዎ ስም ይዞራል። እምቢ ይበሉ። ታይትሉን ከማስረከብዎ በፊት ፊትና ጀርባውን፣ የገዢውን መንጃ ፈቃድና የሽያጭ ውሉን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ ቅጣት ከመጣ መከራከሪያዎ ይህ ነው።

ብድር ያለበት መኪና ከሆነ መጀመሪያ አበዳሪውን ደውለው የ10 ቀን መዝጊያ ሂሳብ (በ10 ቀን ውስጥ ዕዳውን ለመጨረስ የሚከፈለውን) ይጠይቁ። ታይትሉ ላይ ያለው ዕዳ ሳይነሳ ለግለሰብ መሸጥ አስቸጋሪ ነው፤ ካርማክስና ዲለር ግን ዕዳውን ራሳቸው ከፍለው ቀሪውን ይሰጡዎታል፣ ዕዳው ከዋጋው ከበለጠ ደግሞ ልዩነቱን እርስዎ ይጨምራሉ።

በእኛ ሰው ዘንድ በወር በወር እየተከፈለ መሸጥ የተለመደ ነው፤ «ጨርሶ ሲከፍለኝ ስሙን አዞርለታለሁ» ይባላል። ያ ሰው እየነዳ ሰው ቢገጭ በወረቀት ላይ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ዱቤ መስጠት ከፈለጉ ስሙን ወዲያው አዙረው ዕዳውን ታይትሉ ላይ በራስዎ ስም ያስመዝግቡ። ግለሰብም እንደ ባንክ አበዳሪ ሆኖ መመዝገብ ይችላል።

ክፍያው ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ካሽየርስ ቼክ (ባንክ ራሱ የሚያወጣው ቼክ) በቀላሉ ይጭበረበራል፤ ባንኩ ዛሬ ተቀብሎት ከሳምንት በኋላ ሊመልሰው ይችላል። ወደ ገዢው ባንክ አብራችሁ ሂዱና ቼኩ ዓይንዎ እያየ ይውጣ፣ ታይትሉንም እዚያው ይፈርሙ። በዜል ከሆነ ኢሜይል መጣ ብለው አይመኑ፤ የራስዎን ሂሳብ ከፍተው ይዩ።

ጀንክ ያርድና ልገሳ

ጀንክ ያርድ (አሮጌ መኪና ለብረቱና ለዕቃው የሚገዛ ቦታ) ለማይነሳ መኪና የሚከፍለው በብረቱ ክብደትና በጥቂት ክፍሎቹ ነው። ዋነኛው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያው) ነው፤ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለው። ስለዚህ ለሦስት ያርዶች ደውለው ዓመቱን፣ ሞዴሉን፣ መነሳት አለመነሳቱን፣ ካታሊቲክና ባትሪው መኖሩን ይንገሩ። የቶው ኪራይ የማን ነው ብለው ይጠይቁ፤ ዋጋውን በጽሑፍ መልእክት ያስልኩ። መኪናውን የሚጭነው ሰው በር ላይ ደርሶ «ይህ ጎድሎታል» ብሎ መቶ ዶላር የሚቀንሰው መልእክቱ ከሌለ ነው። ቪን ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ አያስጭኑ።

«መኪናህን ለግስ፣ ታክስ ይመለስልሃል» የሚለው የሬዲዮ ማስታወቂያ ለአብዛኛው አዲስ ገቢ አይሠራም። ቅናሹን የሚያገኘው ወጪውን ዘርዝሮ ታክስ የሚሠራ ሰው ነው። ለ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ሳይዘረዝሩ ከገቢ የሚቀነሰው) ለነጠላ 15,750፣ ለባለትዳር ጥንድ 31,500 ዶላር ስለሆነ የራሱ ቤት የሌለው ሰው ዘርዝሮ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይደርስም። ዘርዝሮ የሚሠራም ቢሆን የሚያስቀንሰው ድርጅቱ መኪናውን በጨረታ የሸጠበትን ነው፤ ከ500 ዶላር በላይ ከተሸጠ ቅጽ 1098-ሲ ይልክልዎታል። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ በቅን ልብ ከሰጡ ሰጡ፤ ለታክስ ብለው ግን አያድርጉት።

ኡበርና ታክሲ ለነዱበት

በግል የነዱትን መኪና ከገዙበት ባነሰ ከሸጡ ታክስ የለም። ለሥራ የነዱበት ግን ይለያል፤ ይህንን ታክስ የሚሠሩ ሰዎችም አንዳንዴ ይዘሉታል። በየዓመቱ በማይል ያስቀነሱት ገንዘብ ውስጥ የመኪናው እርጅና ተካትቷል፦ በ2023 ከ65.5 ሳንቲም ውስጥ 28፣ በ2024 ከ67 ሳንቲም ውስጥ 30። በ18,000 ዶላር የገዙትን መኪና በሁለቱ ዓመታት 30,000 ማይል በየዓመቱ ለሥራ ብቻ ከነዱ 8,400 እና 9,000፣ በድምሩ 17,400 ዶላር እርጅና ተቆጥሮልዎታል። በአይ አር ኤስ (በፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) ዓይን መኪናው የቀረው ዋጋ 600 ዶላር ነው። በ5,000 ከሸጡት 4,400ው ትርፍ ነው፤ ቅጽ 4797 ላይ ይገባል። የሽያጩን ውል ለታክስ ሠሪዎ ሳይጠየቁ ይስጡ።

ወደ አገር ቤት ስለ መላክ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለዚህ ለአሮጌ ኮሮላ ይህ በር ዝግ ነው።

ታርጋ፣ ቀጥሎ ኢንሹራንስ

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በሦስቱም ቦታ ታርጋው ይመለሳል ወይም ይሰረዛል፤ ኢንሹራንሱ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ታርጋው በስምዎ እያለ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ራሱ ይቀጣዎታል፤ ከመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ይጨመራል። መኪናው ተሸጧል ብሎ መከራከር ብዙ አያድንም፤ የሚጠየቁት የታርጋ መመለሻ ደረሰኝ ነው። በፖስታ ከላኩ መከታተያ ቁጥር ባለው ይላኩ።

ገዢው «ታርጋውን ይዤ ቤቴ ልድረስ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይላል። አይስጡ። ጊዜያዊ ታርጋ አስቀድሞ ያውጣ ወይም በቶው ይውሰደው። በሌላ በኩል መኪናው መንገድ ዳር ወይም የአፓርታማ ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ሳለ ታርጋውን ቀድመው አይፍቱ፤ ያለ ታርጋ የቆመ መኪና ቶሎ ይጎተታል። የሚፈታው ገዢው ወይም ጫኚው ሲመጣ ነው። ሌላ መኪና የሚገዙ ከሆነ ታርጋውን ወደዚያ ማዞር ይቻላል።

መፍቻው እጅዎ ላይ እያለ ኢ-ዚ ፓሱን (የቶል መክፈያውን መሣሪያ) ከመስታወቱ ያንሱ፤ ሂሳብዎ ላይ ያለውን የታርጋ ቁጥርም ያጥፉ። ከመሳቢያው አድራሻዎ ያለበትን ሬጅስትሬሽን ያውጡ፤ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን የስልክ ማውጫ ይሰርዙ። ቨርጂኒያ ከሆኑ ለዲ ኤም ቪ መሸጡን ማስታወቅ ብቻ አይበቃም። እንደ ፌርፋክስና አርሊንግተን ያሉ ካውንቲዎች በየዓመቱ የመኪና ታክስ ስለሚያስከፍሉ ለእነሱም ያሳውቁ፤ ከተሸጠበት ቀን በኋላ ያለው ይቀነስልዎታል።

ኢንሹራንሱን ሲዘጉ አስቀድመው የከፈሉት ቀሪ ቀን ካለ እንዲመለስ ይጠይቁ። ሌላ መኪና እስኪገዙ ወራት የሚቆዩ ከሆነም መኪና ለሌለው ሹፌር የሚሸጠውን ርካሽ ኢንሹራንስ ይግቡ። ሳይቋረጥ የቆየ ሰው ቀጣዩን ሲገባ በአነስተኛ ዋጋ ይገባል።