ላይኩ ሞልቷል፣ ገዢው የታለ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሱቆች የኦንላይን ገበያ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ባለሱቅ ስለ ኦንላይን ገበያ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቡስት ላድርግ ወይ?» ብሎ ነው፤ ከፍዬ ፖስቴ ለብዙ ሰው እንዲታይ ላድርግ ወይ ማለቱ ነው። መልሴ ሁሌም «ቆይ፣ መጀመሪያ ስልክህን አሳየኝ» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሰው አለማየቱ አይደለም። ሰው አይቷል። ካየ በኋላ ግን ዋጋውን አላወቀም፣ ሱቁን አላገኘም፣ ወይም ጽፎ መልስ አጥቷል። ይሄ ሳይስተካከል ለማስታወቂያ ቢከፈል፣ አይቶ የሚያልፈው ሰው ቁጥር ብቻ ነው የሚጨምረው።

ችግሮቹን ባለሱቆች እንደሚናገሯቸው አስቀምጫቸዋለሁ። የእናንተ የቱ እንደሆነ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

«ላይክ አለ፣ ገዢ የለም»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ላይክ የሚያደርገው ሰው ሩቅ ነው። የፌስቡክ ገጻችሁም የቲክቶክ አካውንታችሁም ተከታዮቻችሁ ከየት እንደሆኑ ያሳያሉ። ገብታችሁ እዩት። የወሎ ልጅ አዲስ አበባም አለ፣ ጅዳም አለ፣ ዱባይም አለ። ጦሳ ተራራ ከጀርባ የሚታይበት ቪዲዮ ሲያይ ናፍቆቱ ይነሳበታል፣ ልቡም ላይኩን ይሰጣል። ነገ ጠዋት ግን ዳቦ ሊገዛችሁ አይመጣም።

ይሄን ሰው ግን አትናቁት። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እናት አለችው፣ እህት አለችው። ኬክ ቤት ከሆናችሁ፣ ጋቢ የምትሸጡ ከሆነ፣ የበዓል ዕቃ ካላችሁ፣ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ከከተማ ውጭ ላላችሁ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ቤት ድረስ እናደርሳለን።» ከነዋጋው። ዕቃው ሲደርስ፣ የተቀባዩን ፈቃድ ጠይቃችሁ አጭር ቪዲዮ ላኩለት። ለኢድና ለፋሲካ ይሄ ብቻውን ጥሩ ገበያ ነው። ብዙ ሱቆች ለምን እንደማይሞክሩት አይገባኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋ መደበቅ ነው። እስቲ አንድ የሀበሻ ቀሚስ ሰፊ የለጠፈችውን ፖስት ተመልከቱ። ፎቶው ያምራል፣ ጥለቱ ልብ ይወስዳል። ከስር ኮሜንቱ ይጀምራል። «ዋጋ?» «ስንት ነው ማሬ?» «እባክሽ ዋጋውን ንገሪን።» ከእያንዳንዱ ስር አንድ ዓይነት መልስ አለ፦ «ኢንቦክስ ውዴ»። ገዢዋ ኢንቦክስ ትገባለች። «ሰላም» ትላለች። ከሰዓታት በኋላ «ሰላም ውዴ፣ የቱን ነው?» የሚል መልስ ይመጣል። ፎቶውን ትልካለች። ዋጋው የሚነገራት በማግስቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋጋ ከጻፈ ሌላ ቤት ጨርሳ ገዝታለች።

ለምን ዋጋ እንደማይጽፉ ስጠይቅ የሚሰጡኝ መልስ ሁለት ነው። «ጎረቤት ያየዋል» ይላሉ። ጎረቤትማ ከፈለገ አንድ ልጅ ልኮ በአምስት ደቂቃ ያውቀዋል። «ዋጋው በየጊዜው ይቀያየራል» የሚለው ግን እውነት ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። ለሱ መፍትሄ አለው፤ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉ። «እስከ ቅዳሜ በዚህ ዋጋ» በሉ። በልክ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ «ከዚህ ያህል ብር ጀምሮ» ብላችሁ፣ ዋጋውን የሚጨምረው ምን እንደሆነ በአንድ መስመር አስረዱ፦ ጥለቱ ነው? ክሩ ነው? የስራው ቀን ነው?

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ስልክ ቁጥራችሁን ፎቶው ላይ ብቻ አትጻፉት። ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር ተነክቶ አይደወልበትም፣ ኮፒም ለማድረግ ያስቸግራል። ከፎቶው ስር በጽሑፍ ይቀመጥ።

«ሱቅ መጥተው ሲያዩት ፎቶውን አይመስልም ይሉናል»

ይሄኛው ቀላል ነው። ማታ በአምፖል ወይም በፍላሽ የተነሳ ልብስ ቀለሙ ይቀየራል። ነጭ ሸማ ቢጫ ይመስላል፣ የጥለቱ ክር ደግሞ ያብረቀርቅና መልኩ ይጠፋል። ፍላሹን አጥፉ፣ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ፣ ዕቃውን ደጃፍ አውጡ። የደሴ ደመና ለዚህ በረከት ነው። ደመናማ ቀን ላይ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ ዕቃው ላይ ጥቁር ጥላ አይወድቅም። ኮምቦልቻ ፀሐዩ ስለሚበረታ ጠዋት በጊዜ ወይም ጥላ ስር አንሱ። ፊልተር የሚባለውን ለዕቃ ፎቶ ጭራሽ አትጠቀሙበት።

«ጎግል ላይ ሱቃችን ዝግ ነው ይላል»

ይሄን ጉዳይ ረጋ ብለን እንየው። የብዙ ሱቆች ችግር ነው፣ የሚያውቀው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው።

የእኛ ሰዓትና የጎግል ሰዓት በስድስት ሰዓት ይለያያሉ። ባለሱቁ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 1:00 ይሰራል እንበል። ጎግል ላይ ሱቁን ሲመዘግብ (ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በሚባለው) የስራ ሰዓቱን 2:30 ኤኤም እስከ 1:00 ፒኤም ብሎ ያስገባል። ጎግል የሚረዳው ሱቁ ከሌሊቱ 8:30 ተከፍቶ ቀን 7:00 ላይ እንደሚዘጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈልጋችሁ ሰው ሁሉ «ዝግ» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ እናንተ ግን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ገበያ ትጠብቃላችሁ። ትክክለኛው አሞላል 8:30 ኤኤም እስከ 7:00 ፒኤም ነው። ጠዋት 2 ማለት 8 ኤኤም፣ ቀን 8 ማለት 2 ፒኤም፣ ምሽት 1 ማለት 7 ፒኤም። አርብ ለጁምዓ የምትዘጉ ከሆነም፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምትከፍቱ ከሆነም፣ ለየቀኑ ለብቻ መሙላት ይቻላል።

ቀጥሎ ፒኑ፣ ማለትም ካርታው ላይ ሱቃችሁ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት። ብዙ ሱቆች ካርታው ላይ ከትክክለኛ ቦታቸው ርቀው ነው ያሉት፣ ምክንያቱም የመዘገባቸው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በግምት ነው ፒኑን ያደረገው። ሱቃችሁ በር ላይ ቁሙ። ጎግል ካርታን ክፈቱና የቆማችሁበትን ቦታ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቀይ ፒን ይወጣል። ከስሩ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አጭር ኮድ ታገኛላችሁ፤ ፕላስ ኮድ ይባላል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙም በማይሰራበት ከተማ ያ ኮድ አድራሻችሁ ነው። ቴሌግራማችሁ ላይ ለጥፉት።

ኮድ የማይገባው ደንበኛም አለ፤ ስለዚህ በቃልም ጻፉ። ግን «ሸዋ በር» ወይም «ቧንቧ ውሃ» ብቻ አድራሻ አይደለም፣ ሰፈር ነው። ከሐይቅ ወይም ከኩታበር የመጣ ሰው ሳይጠይቅ የሚያገኘው ትልቅ ምልክት ጥቀሱ። ቀጥሎ ከምልክቱ በየት በኩል፣ ስንተኛ በር፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጻፉ።

ሱቁን ስትመዘግቡ ስሙን ታፔላው ላይ እንዳለ አስገቡ። «ምርጥና ርካሽ የደሴ ጫማ ቤት» ብሎ ቃል መደርደር የጎግልን ደንብ ይጥሳል፣ ምዝገባውን ሊያሳግድ ይችላል። ማረጋገጫ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይፈልጋል። መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ከዚያ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሳይቆራረጥ ቅረጹ። ጎግል ለዚህ ምዝገባ ገንዘብ አይጠይቅም። «ከጎግል ነው የምደውለው» ብሎ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ዝጉበት።

ፔንሲዮንና ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይሄን ለነገ አትበሉት። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግስ የሚሄደው እንግዳ ብዙው በደሴ ነው የሚያልፈው። ከተማውን አያውቀውም። ማደሪያ የሚፈልገው መኪና ውስጥ ሆኖ በስልኩ ነው። ጳጉሜን ሳያልቅ ሰዓቱን፣ ስልኩን፣ የክፍሎቹን ፎቶ አስተካክሉ።

«ቴሌግራም ቻናሌ ብዙ ሺህ አባል አለው፣ የሚያየው ግን ጥቂት ነው»

ከፖስቱ ስር ዓይን ምልክቱ አጠገብ ያለውን ቁጥር እዩ። አባሉ በሺህ ተቆጥሮ እይታው መቶ ካልሞላ፣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አባል ተገዝቷል፣ ወይ ሰው ድምፁን ዘግቶባችኋል።

የተገዛ አባል መድኃኒት የለውም። ብዙ ከሆነ አዲስ ቻናል ክፈቱና እውነተኛ ደንበኞቻችሁን ወደዚያ ጋብዙ። ሱቁ ውስጥ የቻናሉን ኪውአር ኮድ አትማችሁ ሂሳብ መክፈያው ጋ ለጥፉ። ዕቃችሁን በእጁ ነክቶ የገባ መቶ ሰው ከተገዛ አስር ሺህ ይበልጣል።

ድምፅ የሚያዘጋው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሃያ ፎቶ እያከታተሉ መላክ ነው። ቴሌግራም እስከ 10 ፎቶ በአንድ መልእክት ይልካል። ሰብሰብ አድርጋችሁ ላኩ። ያለቀውን ዕቃ ኤዲት አድርጋችሁ «አልቋል» በሉት። አድራሻውን፣ ስልኩንና የስራ ሰዓቱን አንድ መልእክት ላይ ጽፋችሁ ከላይ ፒን አድርጉት።

የፊደሉ ነገርም አለ። አንዱ «ፀጉር»፣ ሌላው «ጸጉር» ብሎ ነው የሚፈልገው። በቻናሉ ስም ውስጥ ሁለቱንም አስገቡ። ደሴን በላቲን ፊደል ሲጽፍም አንዱ «ኤስ»ን አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። ሁለቱም ስሙ ውስጥ ይኑር።

«ቡስት አደረግኩ፣ ብሬ ቀለጠ»

እስካሁን ያልነው ተስተካክሎ ከሆነ፣ አሁን ስለ ክፍያ እናውራ። መጀመሪያ ግቡን እዩ። ማስታወቂያው «ላይክ» እንዲያመጣ ከታዘዘ ላይክ ነው የሚያመጣው። «መልእክት» ወይም «ጥሪ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ቦታውን እዩ። ሙሉ ኢትዮጵያ ከተመረጠ ብሩ አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። ደሴን ወይም ኮምቦልቻን ለይታችሁ ዙሪያውን አጥብቡ።

ሁለቱን ከተሞች አንድ ላይ አትጨፍልቁ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ግን አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት። የጃኬት ማስታወቂያ ደሴ ላይ ይሸጣል፣ ኮምቦልቻ ላይ አይሸጥም። ኮምቦልቻ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰራተኛ ይበዛል። ቀኑን ሙሉ ስልኩን አያይም፤ ከሺፍት ሲወጣ እንዲያገኛችሁ አድርጉ። የሰርግ ዕቃም ጥር ሲገባ ሳይሆን ከኅዳር ጀምሮ ነው መታየት ያለበት። በጥር የሚያገባ ሰው ጥር ላይ አይደለም የሚያሰፋው።

የዶላር ካርድ በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙ ሰው በደላላ ነው የሚያስከፍለው። ይሁን። ፓስወርድ ግን በፍጹም አትስጡ። ገጹ ላይ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሰራ ፈቃድ ሰጥታችሁ ሰው መጨመር ይቻላል፣ ስራው ሲያልቅ ማስወጣትም ይቻላል። ውጤቱን ከራሳችሁ ስልክ እዩ እንጂ እሱ በሚልክላችሁ ስክሪንሾት አትርኩ።

«ያዛሉ፣ ከዚያ ስልክ አያነሱም»

ቀብድ ተቀበሉ። በተለይ ኬክና በልክ የሚሰፋ ልብስ ያለ ቀብድ አይጀመርም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ሰውም ለምዶታል፤ ስለዚህ የሚያስከፋ ጥያቄ አይደለም። ፖስቱ ላይ አስቀድማችሁ «በቀብድ እናዘጋጃለን» ብላችሁ ጻፉ። የክፍያ ስክሪንሾት ግን እንደ ደረሰኝ አትቀበሉ። በቀላሉ ተሰርቶ ይመጣል። የራሳችሁ አካውንት ላይ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አይውጣ። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል በሚመላለስ ሚኒባስ የምትልኩ ከሆነ የረዳቱን ስልክና የሰሌዳውን ቁጥር ለገዢው ላኩ። መንገድ ላይ ከሚነሳ ጭቅጭቅ ያድናል።

«ኔት ሲጠፋ ገበያውም አብሮ ጠፋ»

በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ደንበኛውን ሁሉ ቻናል ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሱቅ ከደንበኛው ጋር ተቆራረጠ። ገጽ በራሱም ይሰረቃል፣ ይታገዳል። ስለዚህ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በደብተር ያዙ። ስም፣ ስልክ፣ ምን እንደገዛ፣ ልብስ ከሆነ ልኩ። ስትጽፉ አስፈቅዱ፦ «አዲስ ዕቃ ሲገባ መልእክት ብልክልሽ ቅር ይልሻል?» በሉ። ዳታ ሳይኖርም ኤስኤምኤስ አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። በየቀኑ ግን አትላኩ፤ ከበዓሉ ሳምንት በፊት አንድ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ አንድ ይበቃል።

የፌስቡኩንና የቴሌግራሙን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ዛሬውኑ አብሩ። ሁለቱም ጋ ሴቲንግ ውስጥ አለ። በስልካችሁ የሚመጣውን የኮድ ቁጥር «ሽልማት ደርሶሻል» ላለም፣ «ከቴሌግራም ነኝ» ላለም፣ ለማንም አትንገሩ። ገጹን የከፈተላችሁ የወንድም ልጅ ከሆነና ስልኩን ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ ከሆነ ደግሞ፣ ደውሉና አካውንቱ በእናንተ ቁጥር እንዲቀየር አስደርጉ።