የዘመናዊ ቻይናን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ትርጉም እንዴት እናንብብ?

ቻይንኛ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ወደ ዘመናዊው የቻይና ልብ ወለድ የሚደርሰው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው በእጁ የያዘው መጽሐፍ የደራሲውም የተርጓሚውም ሥራ መሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልብ ሊል ይገባል። ስለዚህ የምመክረው ብዙ መጻሕፍትን በአንድ በአንድ ትርጉም ከማሳደድ ይልቅ አንድን አጭር ልብ ወለድ በሁለትና በሦስት ትርጉም ማንበብ፣ የሒስ መጽሐፍ መክፈትንም ለኋላ ማቆየት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ሉ ሹን ቢሆን ይሻላል። ከ1881 እስከ 1936 የኖረው ይህ ደራሲ በ1918 «አዲስ ወጣት» በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተመው «የእብድ ማስታወሻ» በአንድ ምሽት ተነብቦ የሚያልቅ ነው፤ የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ ታሪክም ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ይጀመራል። በእንግሊዝኛ ከወጡት ትርጉሞች ሦስቱን ፈልጉ፤ እነዚህም በቤጂንግ የውጭ ቋንቋዎች ማተሚያ ቤት የወጣው የያንግ ሺያንዪና የባለቤቱ የግላዲስ ያንግ፣ በ1990 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው የዊልያም ላየል፣ እንዲሁም በ2009 በፔንግዊን የታተመው የጁሊያ ላቭል ናቸው። ሦስቱን ማግኘት ካልተቻለ ሁለቱ ይበቃሉ።

ንባቡን ከታሪኩ መቅድም ጀምሩ፤ አትዝለሉት። መቅድሙ የተጻፈው ሊቃውንቱ ለዘመናት ሲጽፉበት በኖሩት ጥንታዊ ቻይንኛ ሲሆን ማስታወሻው ግን ሕዝቡ በሚነጋገርበት ቋንቋ ነው። በመቅድሙ ላይ የሚናገረው ሰው፣ ታማሚው ከበሽታው ድኖ ሹመት ለመጠባበቅ ወደ ሌላ ስፍራ እንደሄደ በሁለት ቃል ነግሮን ያልፋል። እንግዲህ «ሰው በላ ሥርዓት ውስጥ እንኖራለን» እያለ ይጮህ የነበረው ሰው ዳነ ማለት ወደ አሮጌው ሥርዓት ተመለሰ ማለት ነው፤ ይህንንም የሚነግረን ቋንቋው ራሱ አሮጌ ሆኖ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ መቅድሙ በግዕዝ፣ ታሪኩ በገበያ አማርኛ ቢጻፍ አንባቢው ገና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሲሰማ የማን ወንበር ፊት እንደቆመ ያውቃል። እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት እንዴት እንደያዘው ለማየት የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያንግና ባለቤቱ «ሁለት ወንድማማቾች» ብለው በተራ አነጋገር ሲገቡ፣ ላየል ግን የወንድማማቾቹን ስም ባለመግለጹ አንባቢውን ይቅርታ በሚጠይቅ፣ ሆነ ተብሎ በተኮፈሰ እንግሊዝኛ ይጀምራል። ለእኔ በዚህ ቦታ ላየል የተሻለ ሠርቷል፤ በሌሎች ቦታዎች ግን የባልና ሚስቱ ጥራት ያረካኛል።

ቀጥሎ የመድበሉን ርእስ መርምሩ። ሉ ሹን በ1923 ያወጣው የመጀመሪያው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል በቻይንኛ «ናሃን» ይባላል። ያንግና ባለቤቱ ይህንን የክተት ጥሪ አደረጉት፤ ላየል ከዳር ሆኖ ማበረታታት አለው፤ ላቭል ደግሞ ጩኸት ብላ ተወችው። ማን እንደቀረበ ለመፍረድ ደራሲው ለመድበሉ የጻፈውን መግቢያ ማንበብ ያስፈልጋል። በዚያ መግቢያ ላይ ሉ ሹን መስኮት የሌለው፣ ሊሰበር የማይችል የብረት ቤት ያሳየናል፤ ውስጡ የተኙት ሰዎች ታፍነው ሊሞቱ ነው፣ ጥቂቶቹን ቀስቅሶ ማስጨነቅ ይገባልን ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም አልፎ አልፎ የሚጮኸው ብቻቸውን የሚጋልቡትን ተዋጊዎች ለማጽናናት እንደሆነ ይናገራል። ይህን ያነበበ ሰው የክተት ጥሪ የሚለው ርእስ ደራሲውን ከራሱ ጥርጣሬ ይልቅ ደፋር አድርጎ እንደሚያሳየው፣ የላየል ምርጫ ደግሞ ጩኸቱን እንደሚያለዝበው ይረዳል። በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ርእሱን በአማርኛ ለመተርጎም ሞክሩ፤ አንዲት ቃል ለመምረጥ አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ጊዜው አልባከነም።

ስለ ስሞች ጥቂት ልበል። ቻይንኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ቻይና በ1958 ያጸደቀችው የፒንዪን አጻጻፍ በውጭ አገር እስኪለመድ ድረስ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በብዛት ቀድሞ የነበረውን የዌድ ጃይልስን አጻጻፍ ይከተሉ ስለነበር፣ የደራሲው የማኦ ዱን ስም በአንዱ ካታሎግ በ«ዲ»፣ በሌላው በ«ቲ» ተጽፎ ይገኛል፤ ደራሲው ባ ጂንም እንዲሁ በ«ቢ»ና በ«ፒ» ይፈለጋል። የቤተሰብ ስም የሚቀድም መሆኑንም አትርሱ፤ በውጭ አገር የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲመዘገብብን የምናውቀው ዓይነት መደናገር በዚህም አለ።

ረጅም ልብ ወለድ ከማንሳታችሁ በፊት ትርጉሙ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ላኦ ሼ በቤጂንግ በሰው የሚጎተት ጋሪ እየጎተተ ስለሚኖር ወጣት የጻፈውን ልብ ወለድ ኤቫን ኪንግ የተባለ ተርጓሚ በ1945 በእንግሊዝኛ ሲያወጣው መጨረሻውን ለውጦት ነበር። በደራሲው ጽሑፍ የጋሪ ጎታቹ የሺያንግዚ ወዳጅ ትሞታለች፣ እርሱም ተስፋው ተሟጥጦ ይዋረዳል፤ በትርጉሙ ግን አድኗት አብረው ይሄዳሉ። መጽሐፉ በአሜሪካ በብዙ ቅጂ ተሸጠ፤ ያን ሁሉ አንባቢ ያጽናናው ፍጻሜ ግን ላኦ ሼ ያልጻፈው ነበር። ነገሩን የሚያወሳስበው ደራሲው ራሱ በ1955 በወጣው የቻይንኛ እትም ላይ መጨረሻውን መቁረጡ ነው። ስለዚህ የተርጓሚውን መግቢያ ስታነቡ የትኛውን እትም እንደተከተለ ፈልጉ፤ ይህን የማይናገር መግቢያ ጎደሎ ነው። ሃዋርድ ጎልድብላት በ2010 ያወጣው ትርጉም ለዚህ ልብ ወለድ ጥሩ መግቢያ በር ይሆናል።

ሒሱን የምትከፍቱት ይህን ያህል ከሠራችሁ በኋላ ነው። በ1961 የታተመው የሲ ቲ ሺያ የዘመናዊ ቻይና ልብ ወለድ ታሪክ ኢሊን ቻንግን፣ ሸን ጾንግወንንና ቺየን ጆንግሹን ከታላላቆቹ ተርታ ያሰለፈ፣ ለኢሊን ቻንግም ከሉ ሹን የበለጠ ገጽ የሰጠ መጽሐፍ ነው። በማግስቱ ዓመት የቼክ ተወላጁ ሊቅ ያሮስላቭ ፕሩሼክ የፖለቲካ አድልዎ አለበት፣ የሥነ ጽሑፉንም ማኅበራዊ ዓላማ አላየም ብሎ በብርቱ ተቸው፤ ሺያም በ1963 መልስ ሰጠ። ሁለቱንም አንብቡ፤ ስታነቡ ግን ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት እንደነበር፣ አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በፕራግ ተቀምጦ እንደጻፈ አትዘንጉ። እኔ በሺያ የንባብ ጣዕም እየተማርኩ በፍርዱ ላይ ከፕሩሼክ ጋር የምቆምባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ ሊዮ ሊ በ1987 ያወጣውን የሉ ሹን ጥናት፣ ከዚያም በ1995 የታተመውን የሊዲያ ሊዩን መጽሐፍ ያዙ። ሊዩ የዘመናዊው ቻይንኛ ብዙ ቃላትና ሐሳቦች ራሳቸው በትርጉም፣ አንዳንዶቹም በጃፓንኛ በኩል፣ እንደገቡ ታሳያለች። ሉ ሹን ራሱ የጎጎልን «የሞቱ ነፍሳት» የተረጎመ ሰው ነበርና ይህ ከጉዳያችን አይርቅም።

በመጨረሻ ኢሊን ቻንግ በ1943 ያሳተመችውን «የወርቅ ቀንበር» አንብቡ። ርእሱ የሚያመለክተው በእስረኛ አንገት ላይ የሚጠለቀውን የእንጨት መቀጫ ነው። ታሪኩን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ደራሲዋ ራስዋ ናት፤ ትርጉሙም ሺያ በ1971 ባወጣው መድበል ውስጥ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲከብዳችሁ ደራሲው ነው ወይስ ተርጓሚው ብላችሁ ስትጠይቁ ቆይታችኋል። እዚህ ግን ሁለቱ አንድ ሰው ናቸውና የሻከረባችሁን መስመር ምልክት አድርጉበት፤ ለምን እንደዚያ ልትጽፈው እንደፈለገችም በአጠገቡ ጻፉ።